ለማንም ያልተላከ መልእክት

ንፋስ መውጫ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለላቀው፤

ያለህበት አገር ብርድ አጥንትህ ድረስ አይዝለቅ፤ እንጀራህ አይጉደል፤ ክፉ ዓይን አይይህ። እኔ አጎትህ ቀለመ ወርቅ ከጉልበቴ በቀር የምከሰው የለኝም። እሱም የሚብስበት ሁዳዴ ሲገባ ነው፤ ስግደት ሲቀርብ ማመም ያውቅበታል። ይህን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ልጄ መዓዛ ፎቶ አንሥታ ኔትወርክ ባገኘች ቀን ትልክልሃለች።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ለትንሣኤ እንደምትመጣ ከእናትህ አፍ ነው የሰማሁት። ከወገዳ ደወለችና «ቀለመ፣ ሰማህ ወይ? ልጄ ለፋሲካ ሊመጣ ነው» አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት፣ «በስልኬ ይጽፍልኛል እንጂ፤ በየጠዋቱ ይጽፍልኛል» አለች። የምታነብላት ጎረቤቷ መርየም ናት፣ ባለ ሱቋ። እኔ ፊደል ያስቆጠርሁህ ሰውዬ ተዘልዬ ለወገዳ ባለ ሱቅ ቀድሞ ተነገራት ማለት ነው። ይሁን። ከሄድህ ሰባተኛ ዓመትህ ነውና ደስታው ቅሬታውን ያስረሳል። እህቴ እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ሌላው የሥራ ጉዳይ ነው። በጤና ጣቢያችን ያለውን ኮምፒውተር መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ገደለው። ይሁኔ የሚባል ጠጋኝ ነፍስ ዘራበት፤ ውስጡ የነበረው ግን ሁሉ ጠፋ። እኔም አንተ ጽፈህ በሰጠኸኝ መሠረት «ቀጠሮ» የምትለውን ፕሮግራምህን ከኢንተርኔት አውርጄ እንደገና ጫንሁ። አዲሱን ዕትም በራሷ ፈልጋ አመጣች። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ያለ ረዳት መሥራቴን ልብ በልልኝ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የክትባት ቀን የሚያስታውሰው መልእክት ለእናቶቹ አይደርስም። ሕፃኗን አዝላ ቀኗን ስታ የምትመጣ አለች፤ ጭራሽ የቀረችም አለች። ምን ባደርግ ይሻላል?

ስትመጣ ለእኔ ምንም አታምጣ፤ ወፍራም ካልሲ ብቻ።

አጎትህ ቀለመ ወርቅ


ኦውሉ፣ ፊንላንድ
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ቀለመ ወርቅ፤

የጾሙ በረከት ይድረስዎ፤ ጉልበትዎን ይማርልኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ተቀመጥሁ። ደግሜ አነበብሁና ተነሣሁ። ጋሼ፣ እኔ ለእናቴ ምንም አልጻፍሁላትም። ለትንሣኤም አልመጣም። በየጠዋቱ የምትጽፍላት «ቀጠሮ» ናት፤ ከእርስዎ ጤና ጣቢያ፣ በእርስዎ ሲም ካርድ።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳዎ። «ቀጠሮ»ን የፈለገ ሁሉ አውርዶ እንዲሠራባት፣ የቻለም እንዲያርማት ክፍት አድርጌ እንዳስቀመጥኋት ያውቃሉ። ደመወዝ የለውም፤ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። የተፈተነውንና የታመነውን ዕትም በእኛ ዓመት «2017» ብዬ ሰይሜዋለሁ። ባለፈው ወር ግን ገና ያልተፈተነ ሌላ ዕትም ከጎኑ አስቀመጥሁ፤ ለራሴ መሞከሪያ ብቻ ነበር። ስሰይመው እጄ «2025» ብሎ ጻፈ። እዚህ በየቀኑ የምጽፈው ዓመት እሱ ነውና አላስተዋልሁትም። ኮምፒውተር ደግሞ የእኛ ዓመት፣ የፈረንጅ ዓመት ብሎ አያውቅም። አዲሱን አምጣ ሲሉት ቁጥሩ የሚበልጠውን ያመጣል። ለእርስዎ ያመጣው ያንን ነው።

የሙከራው ዕትም የእናቶቹን ስልክ አይነካም። ጠዋት ጠዋት ወደ አንድ ቁጥር አንድ መልእክት ይልካል፤ መላክ መቻሉ እንዲታወቅ ነው። አንድ ስልክ ቁጥር ማስገባት ነበረብኝ፤ በቃሌ የማውቀው የእናቴን ብቻ ነው። የሚላክ ቃልም ያስፈልግ ነበር። «ሙከራ» ብል ይበቃ ነበር። «ልጅዎ ለትንሣኤ ይመጣል» ብዬ ጻፍሁ።

የእኔ ኮምፒውተር ሲም ካርድ የለውም፤ የሚልከው የትም አይደርስም። ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት እከፍተዋለሁ፣ «ተልኳል» ይለኛል፣ እዘጋዋለሁ። ለሙከራ ነው እል ነበር። ሙከራው ካለቀ በኋላም ግን መክፈቴን አልተውሁም።

እባክዎ ያንን ያጥፉት። ሲጭኑም ከስሙ ቀጥሎ 2017 የሚለውን ቁጥር ይጻፉ፤ ያኔ ሌላ አያመጣብዎትም። የእናቶቹ መልእክት ወዲያው ይጀምራል። ለእናቴ ግን እስካስብበት ድረስ ምንም አይንገሩብኝ።

የእህትዎ ልጅ ላቀው


ንፋስ መውጫ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው ልጄ፤

የጾመኞች ሁሉ ጸሎት ይደግፍህ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዷን ተገናኝተዋል፤ አገሩ ሁሉ ጾመኛ ነው፣ አገሩ ሁሉ ተቆጪ ነው።

ያልኸውን አደረግሁ። 2025ን አጥፍቼ 2017ን ጫንሁ። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስመለስ ጉልበቴም የሚሻለው መስሎኝ ነበር። እናቶቹ መልእክታቸው ይደርሳቸው ጀምሯል። የቀሩትንም የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች በየደጃቸው ሄደው ጠርተዋቸዋል፤ ሕፃናቱ ተከትበዋል። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባህ።

በሌላው በኩል ግን ጉድ ፈልቷል። በማግሥቱ ማለዳ እናትህ ደወለች። «ዛሬ አልጻፈልኝም» አለች። በሁለተኛው ቀን «ዛሬም የለም፤ አሞት ይሆን?» አለች። ከዚያ ወዲህ መርየምን ዕረፍት ነሥታታለች። መርየም ለሱሑር ነቅታ፣ በልታ፣ ገና ጋደም ስትል እናትህ ስልኳን ይዛ ደጇ ላይ ናት። «ነይ እስቲ እይልኝ፣ ገብቶ ይሆናል» ትላታለች። መርየምም ተነሥታ ታያለች፤ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችባትም። እኔ ምን አልሁ መሰለህ? ኔትወርኩ ነው አልኋት። በሁዳዴ ዋሸሁ።

አንተ እስክታስብበት እሷ አልጠበቀችህም። ቤቱን አስለቅልቃለች። አንተ የምትተኛበትን መደብ ለብቻው ከፍ አድርጋ አሠርታለች፤ ቁመትህ ጨምሯል ብላ ነው። ለትንሣኤ ያሰረችውን በግ ሊገዛ የመጣውን ሰው «ባለቤቱ እየመጣ ነው» ብላ መለሰችው። ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ የሚመጡትን መኪናዎች ከመጠበቅ ብዛት በሾፌራቸው ስም ትጠራቸዋለች።

ላቀው፣ ወይ ና፣ ወይ ንገራት። በየዓመቱ «ሥራ በዝቶብኝ» ትላለህ። ሰባት ዓመት የማያልቅ ሥራ ምን ዓይነት ነው? አንድ አዝመራ እንኳ በሰባት ዓመት ሰባት ጊዜ ይሰበሰባል።

ያንን ያልተፈተነ ዕትምህንም ከሰው መንገድ ላይ አንሣው። እናትህ የዘር ጤፏን ከሚበላው ጋር አኑራ ታውቃለች? በጎታ ለብቻው ታደርገውና አፉን ትመርገዋለች። ለወፍጮ ሊሰፍር የመጣ ሰው ምርጉን ሳይሰብር አያገኘውም፤ ሲሰብር ደግሞ ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። አንተ አፉን ከፍተህ ከመተውህ አልፎ ከሚበላው ፊት ለፊት አስቀመጥኸው። እኔም እንደ ራበው ሰው መጥቼ ሰፈርሁ።

መልስህን ቶሎ እፈልጋለሁ። ካልሲውን ተወው።

አጎትህ ቀለመ ወርቅ


ኦውሉ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን እየለመንሁ፣ ስለዘገየሁም ይቅርታዎን እየጠየቅሁ ነው። ስለ ዘሩ የጻፉልኝን ይዤ ሰነበትሁ፤ ብዙ ነገር አሳየኝ።

በመጀመሪያ 2025ን ሰው ከሚያወርድበት መደርደሪያ አነሣሁት። ከአሁን በኋላ አዲሱን አምጣ ላለ ሰው አይሰጥም። ቀደም ብሎ ያወረደ ካለ ግን ከእጁ ልነጥቀው አልችልም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ለሁሉም ማሳሰቢያ ለጠፍሁ። ቀጥሎ ዓመቱን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስሁት። ያልተፈተነ ዕትም ሁሉ በቁጥሩ ላይ የሙከራ ምልክት አለበት፤ ኮምፒውተሩ ምልክቱን ሲያይ፣ ሰው በስሙ ካልጠራው በቀር አልፎት ይሄዳል። በስሙ ጠርቶ ያመጣውም ቢሆን ዝም ብሎ አይጫንለትም። «ይህ ለሕሙማን አገልግሎት አይደለም፤ ይቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ አይቆጠርም። በሙከራው ውስጥ ያለውም ስልክ ቁጥር አሁን የማንም ያልሆነ ቁጥር ነው።

ትናንት እኔው ራሴ ረስቼ ልጭነው ስል ከለከለኝ። ቆሜ ሳቅሁ። በዚህ አገር ከሳቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር፤ ስለ ጎታው ምርግ የሰጡኝን ምሳሌ አመሰግናለሁ።

የትንሣኤውን ነገር በሌላ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። እናቴን ይሳሙልኝ።

ላቀው


ንፋስ መውጫ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፤

ዛሬ ተቆጥቻለሁና ሰላምታዬ አጭር ነው፤ እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

ለፕሮግራምህ በምርግ ላይ ምርግ ደርበህለታል። ለእናትህ አንድ ቃል አጣህ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ገለበጥሁት፤ መዓዛ አትማ ስትሰጠኝ አንዱን ገጽ ያስቀረች መስሎኝ። የረሳኸው ስልክ ቁጥር የተስተካከለበትን ሁሉ ነገርኸኝ፤ የቁጥሩ ባለቤት ግን አሁንም መንገድ መንገድ እያየች ነው።

ሆሣዕና ደርሷል። ትናንት «ቀለመ፣ ዝም ያለው መንገድ ስለ ጀመረ ይሆን?» አለችኝ። መልእክቱ ሲመጣ ትመጣለህ ብላ ነበር፤ መልእክቱ ሲቀርም ትመጣለህ አለች። እኔ በእሷ ጀርባ ላይ ነው ያደግሁት፤ እናታችን ስትሞት ያዘለችኝ እሷ ናት። ከዚህ በላይ አልዋሻትም። የምነግራትን ጻፍልኝ። ካልጻፍህ የማውቀውን እነግራታለሁ፤ የማውቀው ደግሞ ምንም የለም።

ቀለመ ወርቅ


ኦውሉ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ቁጣዎ ተገቢ ነው። ስለ ማሽኑ ያንን ሁሉ የጻፍሁት እሱን ማስተካከል ስለምችል ነው።

እውነቱ ይህ ነው። ትምህርቴን ከጨረስሁ በኋላ የመኖሪያ ፈቃዴ አልታደሰም። ይግባኝ ብዬ ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው። ውሳኔው ሳይመጣ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረኝም የለም። በዝቶብኝ ያልሁት ሥራ በአንድ ዳቦ ቤት ሣጥን ማንሣት ነው። ሣጥኑ ያልቃል፤ እኔ ነኝ የማያልቅ ያስመሰልሁት።

እናቴ እንዳታዝን ብዬ ነው የደበቅኋት፣ ብዬ ልጽፍ ነበር። ሰረዝሁት። «ደህና ነኝ» ስላት «ተመስገን» የምትለዋን መስማት እወዳለሁ። ያቺን ቃል ላለማጣት ነው።

«ቀጠሮ»ንም የምጠብቃት ለዚህ ይመስለኛል። እዚህ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ የለም። እሷን ስከፍት ግን የቀበሌዎቹ ስም ይመጣል፤ ይህችን ተራራ በእግሬ ወጥቻታለሁ፣ በዚህች ወንዝ ክረምት አላሻግር ብሎኝ አድሬአለሁ እላለሁ። ሰው ሁሉ ከሥራ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ እሷን እከፍታለሁ። በጣም ናፍቆኛል፣ ጋሼ። አገሩ ናፍቆኛል፣ እርስዎም ናፍቀውኛል፣ እናቴ ግን አመመችኝ።

ራሴ ልነግራት ትናንት ደወልሁ። ድምፄን እንደሰማች «ከየት ደረስህ?» አለችኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁት። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

እባክዎ ወደ ወገዳ ይሂዱልኝ። እኔ ያልቻልሁትን ከእርስዎ አፍ ትስማው።

ላቀው


ወገዳ
ሚያዝያ 9 ቀን፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለላቀው፤

ሕማማት ነውና ሰላም አልልህም፤ መድኃኔ ዓለም ያለህበትን ይይልህ። ይህን የምጽፈው በእናትህ ቤት፣ ላንተ በተሠራው መደብ ላይ ተቀምጬ ነው።

መንገዱ እንደምታውቀው ነው፤ አቧራው ደግሞ አድጓል። እናትህ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነበረች። ከመኪናው የወረደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ ድረስ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ብቻህን ነህ» አለች።

«ብቻዬን ነኝ፣ እታለም።»

ዘንቢሌን ተቀብላኝ ወደ ቤት ሄድን። መርየም ሱቋን ዘግታ ተከተለችን። ያነበበችው እሷ ነችና ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ደፍታ ነበር።

ሁሉንም ነገርኋት። ላቀው የሚሠራት አንዲት ነገር አለች፤ ሲሞክራት ቃል ትልካለች፤ ቃሉ ለሰው አልነበረም፤ በቁጥር ስሕተት ወደ እኔ መጣ፣ እኔም ሳላውቅ ጫንሁት፣ ከእኔ ወደ አንቺ መጣ አልኋት። ተቆጥታ የምትነሣ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ለማንም ሊልከው አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ብቻውን ተቀምጦ ነው የጻፈው?»

«ብቻውን።»

«በየጠዋቱስ?»

«በየጠዋቱ ይከፍተው ነበር አለኝ። የትም እንደማይደርስ እያወቀ።»

መርየም የእናትህን ነጠላ ጨበጥ አድርጋ «ስልክዎን ይስጡኝ፣ እማማ፣ ላጥፋልዎት፤ ባዩት ቁጥር ሐዘን ነው» አለቻት።

«እንዳትነኪው» አለች እናትህ። «ሰው ሊልከው ሳይል የጻፈው ቃል ነው። እንግዲያ እውነቱን ነው የጻፈው።»

«እታለም፣ አይመጣም እኮ ነው የምልሽ።»

«ሰምቻለሁ፤ አይመጣም። አስቦ የላከልኝ ሁሉ ‹ደህና ነኝ› ነው። ደህና ሰው እንዲህ ቶሎ ስልክ ይዘጋል? ረስቶኝ ነው እል ነበር። ለጎረቤት ሥራ በዝቶበት ነው እያልሁ፣ ለራሴ ግን ረስቶኛል እል ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የበላኝ እሱ ነው።»

ከዚያ አለቀሰች። ስለ ፈቃዱና ስለ ዳቦ ቤቱ ስነግራት ደግሞ አሳዘንሃት እንጂ አላፈረችብህም። «ዳቦ ማንሣት ምኑ ይደበቃል? አባቱ ድንጋይ እየተሸከመ አይደል ያሳደገው?» አለች።

ስለ ምርጉም ነገርኋት። «ደግ አድርጓል፤ ለሌላ እናት እንዳይደርስባት ይድፈነው» አለች። ከዚያም እንዲህ ብለህ ጻፍለት አለችኝ፤ ቃሏ ይኸው ነው፦ «የሌላውን ሁሉ ዝጋ። ለእኔ ግን አስበህ ጻፍልኝ።»

በጉ ለትንሣኤ ይታረዳል፤ ድርሻህን እኔ እበላልሃለሁ። ለመርየም ዶሮ ከነነፍሱ ተሰጥቷታል፤ በራሷ ሰው አሳርዳ ከእኛ ጋር እንድትፈስክ። እኔ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እዚህ ነኝ።

አጎትህ ቀለመ ወርቅ


ኦውሉ
ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ እጅጋየሁ፤

እምዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ይህን እህቴ መርየም ታንብብልሽ፤ ያስነቃናትን ሁሉ ይቅር ትበለን።

ይሄኛው በስሕተት የመጣ አይደለም። ላንቺ ብዬ ጽፌ፣ ላንቺ ብዬ የላክሁት ነው።

ዛሬ ጠዋት በክፍሌ ውስጥ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልሁ። «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ የሚመልስልኝ ስላልነበረ መልሱንም እኔው አልሁት። ከዚያ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

አልረሳሁሽም። አንድ ቀን አልረሳሁሽም። መቼ እንደምመጣ አላውቅም፤ ቀን ቆርጬ ብነግርሽ ውሸት ይሆናል። መምጣት ግን በየጠዋቱ እፈልጋለሁ።

ዛሬ ማታ፣ እንግዳው ሲቀንስ እደውልልሻለሁ። እንደ ወትሮው «እንዴት ነህ?» በይኝ። እነግርሻለሁ።

ልጅሽ ላቀው